ችግኙ ከመተከሉ በፊት ወፍ ልናይ ሄድን

ወንድም ጋሼ ስልክ ሲደውል ሦስት ምክንያት ብቻ ነው የሚኖረው፤ ወይ ሰው ታሟል፣ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ብር ጎድሏል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሲደውል ግን አራተኛ ምክንያት ነበረው።

«የታችኛውን ጨፌ ባሕር ዛፍ ልተክልበት ነው» አለኝ። «ችግኙን መደብ ላይ አፍልቻለሁ፤ ክረምት ሲገባ ይተከላል። ውኃውን የሚያወጣውን ቦይ ግን መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ አሁን በበጋው ነው የምቆፍረው። ያባታችን መሬት ስለሆነ አንተም እወቀው ብዬ ነው።»

«እሺ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ። ጎጆ ላይ ውርጩን ችሎ የሚያርሰው፣ ድንቹን የሚኮተኩተው፣ ልጆቹን የሚያስተምረው እሱ ነው።

ስልኩን ዘግቼ ብዙም ሳልቆይ ቴሌግራሜ ጮኸ። የወንድሜ ልጅ ነው፤ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ገብቷል። የላከው የድምፅ መልእክት 7 ሰከንድ ብትሆን ነው። «አጎቴ፣ አባዬ ጨፌውን ሊያደርቀው ነው። ወፎቹስ የት ይሂዱ?»

ጎጆን ለማታውቋት፣ በምዕራብ ሸዋ ዞን የጀልዱ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ደጋ ናት፤ ገብስና ድንች ይበቅልባታል፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ኮረብታው ላይ በየቦታው ባሕር ዛፍ ቆሟል። ከኮረብታው ሥር፣ ምንጩ ከሚፈልቅበት ዝቅ ብሎ ያለው እርጥብ የሣር መስክ ደግሞ ጨፌ ይባላል።

ጨፌ የሚለውን ቃል ሁላችንም እንጠራዋለን። የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት «ጨፌ ኦሮሚያ» የተባለው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በገዳ ሥርዓት ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመክረውና ሕግ የሚያወጣው በለምለሙ መስክ ላይ ስለነበር፣ የመስኩ ስም የጉባኤው ስም ሆነ። በኢሬቻ ሰዉ እርጥብ ሣር ይዞ ወደ ውኃ ዳር ይወርዳል። ለዘመን መለወጫ የምንጎዘጉዘው፣ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር የምንበትነው፣ ከዚያም ፎቶ አንስተን የምንለጥፈው ቄጠማም የሚታጨደው ከእንዲህ ዓይነቱ ረግረግ ነው። ቃሉ በየቤታችን አለ፤ ሣሩም በየፎቷችን አለ። መስኩ ራሱ ግን በየዓመቱ ጠርዝ ጠርዙን እየተበላ ነው።

የእኛን ቤት ጨፌ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን ጥጃ የምንጠብቅበት፣ እግራችን እስከ ጉልበት የሚሰምጥበት፣ ሌላው መስክ ሁሉ ገለባ ሲመስል እሱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ቦታ ነው። ወፍ ነበረበት ወይ ብትሉኝ «አዎ፣ ነበረበት» ከማለት ሌላ የምለው የለኝም። ስማቸውን አላውቅም፤ አይቻቸውም አላውቅም። ያየኋቸው ድንጋይ ስወረውርባቸው ብቻ ነው።

የወንድሜ ልጅ ግን ሌላ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ስልኩ ላይ መርሊን የሚባለውን የወፍ መለያ መተግበሪያ ጫነ። ነፃ ነው። የወፏን ፎቶ ስታሳዩት ወይም መጠኗን፣ ቀለሟንና ስታደርግ ያያችሁትን ስትነግሩት «ይህች ሳትሆን አትቀርም» ብሎ ስም ያወጣላችኋል። የአገሩን ጥቅል አንዴ ዋይፋይ ባለበት ካወረዳችሁት ዳታ ሳትከፍቱም ይሠራል። ኔትወርክ እንደልብ በማይገኝበት ገጠር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ ጨፌው ዳር እየተቀመጠ ዝርዝር ይይዛል። አባቱ «ሥራ የጠላ ልጅ» ይለዋል።

በገና ሰሞን ጎጆ ወረድኩ። ከወንድሜ ጋር ስለ ቦዩ ፊት ለፊት ለመከራከር ድፍረቱ አልነበረኝም። ስለዚህ ሌላ ሐሳብ አመጣሁ። «ወንድም ጋሼ፣ ቦዩን ከመጀመርህ በፊት አንድ ቀን ስጠኝ። በርጋ እንሂድ። እዚያ ያለውን ጨፌ አይተን እንምጣ» አልኩት።

«ምን ልናይ?»

«ወፍ።»

ረዥም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። ሊመጣ የተስማማው ለወፉ ብሎ አይደለም፤ ሆለታ የዘር ድንች ጉዳይ ነበረው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ስለሆነች የአካባቢው ገበሬ ስለ ድንች ዘር ሲያስብ ቀድማ የምትታየው እሷ ናት። «መንገድ ላይ ስለሆነ ልይላችሁ» አለ።

ጥር ገብቶ አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከጎጆ ተነሳን። በሚኒባስ ጊንጪ ወረድን፤ ከጊንጪ የአምቦ–አዲስ አበባን አስፋልት ይዘን ወደ ምሥራቅ። አዲስ ዓለም ስንደርስ ለወንድሜ ልጅ አንድ ታሪክ ነገርኩት። አፄ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ምክንያቱ እንጨት ነው፤ አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ አልቆ ነበር። ከተማዋ በቦታዋ እንድትቀር ካደረጓት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው።

«ሰማህ?» አለ ወንድሜ ለልጁ። «ባሕር ዛፍ ባይኖር አዲስ አበባ ራሷ አትኖርም ነበር።»

እውነቱን ነው። ባሕር ዛፍ የገበሬ ባንክ ነው። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ሠርግ ሲመጣ፣ ሰው ሲታመም ይቆረጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ ግንበኛው የሚቆምበት መወጣጫ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? እኛ የከተማ ሰዎች ፎቁን እናደንቃለን፤ ለዛፉ ውኃ የሚከፍለው መሬት ግን ጀልዱ ወይም ደንዲ ነው። ስለዚህ «ባሕር ዛፍ አትትከል» ብሎ ከከተማ መጥቶ መምከር ቀላል ነው፤ የሚተካውን ገቢ ማሳየት ነው ከባዱ። ጥያቄው የት ይተከል የሚለው ነው። ደረቅ ኮረብታ ላይ ያለ ባሕር ዛፍና ምንጭ አፍ ላይ ያለ ባሕር ዛፍ አንድ አይደሉም።

ሆለታ ላይ ወንድሜ ጉዳዩን ጨረሰ፤ ምሳ በላን። ከዚያ የሲሚንቶ መኪኖች በሚመላለሱበት የሙገር መንገድ ወደ ሰሜን ታጠፍን። በርጋ ስንደርስ ከቀኑ 8 ሰዓት አልፎ ነበር።

መጀመሪያ ስታዩት «ይሄ ነው እንዴ?» ትላላችሁ። ሐይቅ የለም። ጀልባ የለም። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ፣ ዳሩ የማይታይ ሜዳ ነው። ጠርዝ ጠርዙ ታጭዷል፤ እዚህም እዚያም የድርቆሽ ክምር አለ። ከብት ተበትኗል። መካከሉ ላይ ግን ሣሩ ይጠቁራል፤ ጠጋ ስትሉ ጫማችሁ ሥር «ጭብ» ይላል። የበርጋ ወንዝ በክረምት ሞልቶ የሚተኛበት ሜዳ ነው፤ ወንዙ ከዚህ ወርዶ የአዋሽ ገባር ይሆናል።

የወንድሜ ልጅ ባይኖኩላሩን ከአንገቴ ላይ ወስዶብኛል። እኔ በባዶ ዓይኔ ላሞች ብቻ ነው የማየው። «አጎቴ፣ ላሟን ሳይሆን እግሯን ይዩ» አለኝ። አየሁ። በላሟ እግሮች መካከል ቢጫ ነገር ይሯሯጣል። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር! ሆዳቸው እንደ እርድ ቢጫ፣ ጭራቸው ላይ ታች የሚል ትንንሽ ወፎች። ላሟ ስትረግጥ የሚነሳውን ነፍሳት እየለቀሙ ነው።

መርሊን «የሎ ዋግቴይል» አለ። 20 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ ናት። ከአውሮፓና ከእስያ ተነስታ፣ ባሕርና በረሃ አቋርጣ ነው እዚህች ላም እግር ሥር የደረሰችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፈረንጆቹ «ክረምት» ሲሉ አሁን ያለንበትን ጊዜ ነው። እዚያ በረዶ ነው፤ ነፍሳት የሉም፤ ውኃው ድንጋይ ሆኗል። ወፎቹ ክረምታቸውን የሚያሳልፉት በእኛ በጋ ነው። የእኛ በጋ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ኮረብታው ገለባ ነው። በዚህ ወቅት እርጥብ ሆኖ የሚጠብቃቸው ጨፌ ብቻ ነው። ያኔ የወንድሜ ልጅ «ወፎቹስ የት ይሂዱ?» ያለው ጥያቄ ገባኝ። ሌላ ቦታ የላቸውም።

ከከብቶቹ ራቅ ብሎ፣ ከሣሩ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ፈዛዛ ግራጫ ወፍ መጣ። ክንፉን ወደ ላይ አንስቶ፣ ዘንበል ቀና እያለ፣ ሜዳውን መስመር በመስመር ይፈትሻል። ፓሊድ ሃሪየር ነው፤ ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳዎች የሚመጣ አዳኝ። ወንድሜ እጁን ከግንባሩ ላይ አድርጎ ተከተለው። «ይሄንን አውቀዋለሁ» አለ። «ገብስ ሲታጨድ ይመጣል። አይጥ ይበላልናል።»

ዞር ብዬ አየሁት። ባይኖኩላር ይዞ የማያውቅ፣ መተግበሪያ የማይከፍት ሰው ነው። የእንግዳውን መምጫ ጊዜና የሚበላውን ግን ያውቃል። እኔ ያው ድንጋይ ወርዋሪው ነኝ።

ከዚያ በኋላ የአገሬውን ተራ በተራ አየን። ውኃው ዳር ሁለት ወፍራም ዝዮች ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ አንገታቸውን ወደ ኋላ አጥፈው ጀርባቸው ላይ አሳርፈዋል፤ ብርድ እንደያዘው ሽማግሌ። ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ናቸው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ጉብታ ላይ ደግሞ ጉሮሮው ወርቅማ ቢጫ፣ ደረቱ ላይ ጥቁር ሐብል ያሰረ የሚመስል ወፍ ቆሞ ይዘፍናል። አቢሲኒያን ሎንግክሎው ይሉታል፤ እሱም የእኛ ብቻ ነው። ቡኒ፣ እግረ ረዥም፣ ጭራዋን ስታነሳ ከሥሩ ነጭ የምታሳይ ወፍ ደግሞ ከቦዩ ወጥታ ሰው ሳትፈራ አጠገባችን ተመላለሰች። ሩዤስ ሬይል ናት፤ እሷ የኢትዮጵያና የኤርትራ ናት። በአገራችን ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። አንዳንዶቹን ለማየት ፈረንጅ ብዙ ሺህ ብር ከፍሎ ይመጣል። እኛ በሚኒባስ ነው የመጣነው።

«ዋናዋ የታለች?» አለ የወንድሜ ልጅ።

ዋናዋን አሁን አናያትም። ይህን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ፤ ሌሊት የተነሳው ለእሷ ብሎ ነበር።

በርጋን በዓለም የወፍ ሳይንስ ካርታ ላይ ያስቀመጠችው ወፍ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ስሟ በእንግሊዝኛ ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴል ነው፤ ነጭ ክንፍ፣ ለስላሳ ጭራ እንደማለት። እንደ አይጥ በሣሩ ሥር እየተሽሎከሎከች ስለምትሄድ በዓይን ማየት እጅግ ከባድ ነው። ስትነሳ ብቻ ክንፏ ላይ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል፤ ከዚያ ተመልሳ ትጠፋለች። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች መደብ ውስጥ አስገብቷታል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ወፎች ከ250 በታች እንደሚሆኑ ይገመታል። አስቡት፤ በዓለም ያሉት ሁሉ ቢሰበሰቡ አንድ ትልቅ የቴሌግራም ግሩፕ አይሞሉም።

ይህች ወፍ የምትታወቀው በዋናነት በሁለት አገሮች ነው፤ በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ። በርጋ የመራቢያ ቦታዋ መሆኑ የታወቀው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። በደቡብ አፍሪካ ትራባለች ወይ የሚለው ግን ለረዥም ጊዜ ጥያቄ ሆኖ ቆይቶ፣ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ረግረግ ውስጥ የደበቋቸው ካሜራዎች ጫጩቶቿን ቀረጹ። እስከዚያ ድረስ በእርግጠኝነት እንቁላል ጥላ ጫጩት እንደምታሳድግ የታወቀው እዚህ፣ በእኛ ደጋ ጨፌዎች ውስጥ ብቻ ነበር። በሁለቱ አገሮች መካከል ትመላለስ ይሆን የሚለው እስካሁን ሳይንቲስቶችን ያከራክራል።

በርጋ የምትመጣው ዝናቡ ሲጠና፣ በሐምሌ ነው። ሣሩ እሷን ለመሸሸግ ሲበቃ ትገባለች፤ ጎጆዋን ትሠራለች፤ መስከረም ላይ ትሄዳለች። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። እሷ መሬት ላይ እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ከብቱ ለምለም ሣር የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ሣሩ ሳያድግ ከብት ከገባ እንቁላሉም ይረገጣል፣ መደበቂያውም ይጠፋል።

ታዲያ ምን ተደረገ? በ1966 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከደቡብ አፍሪካ አጋሮቹ ጋር ሆኖ ከነዋሪው ጋር መሥራት ጀመረ። የበርጋ ወፍ ወዳጆች የሚባል የአካባቢው ሰዎች ቡድን ተቋቋመ። ለአካባቢው ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሠራ። በመራቢያው ወራት ከብት ከጨፌው እንዲርቅ የሚያደርግ አሠራር እንዲኖር ነዋሪው መከረ። ማለትም ወፏን የሚጠብቃት አጥር የለም፤ የሚጠብቃት የሰዎች ስምምነት ነው። ስምምነት ደግሞ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚታደስ ነገር ነው፤ ድርቅ ሲመጣ፣ መኖ ሲወደድ፣ ቤተሰብ ሲበዛ ይፈተናል።

ይህን ሁሉ እያወራሁ ወንድሜ ከአጠገቤ ጠፍቷል። ዞር ስል ከድርቆሹ ክምር ሥር ከአንድ ከብት ጠባቂ ሽማግሌ ጋር ተቀምጧል። በኦሮምኛ ይዘውታል። ጠጋ ብዬ ሰማሁ። የሚያወሩት ስለ ወፍ አይደለም። ድርቆሹ በዓመት ስንቴ ይታጨዳል? ውኃው መቼ ይጎድላል? ሸክሙ ስንት ይሸጣል? ሽማግሌው ሣሩን በጣታቸው እየሰበሩ ያስረዱታል። ክረምቱን ካልተረገጠ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፤ በጋውን በሙሉ ከብት ይዞ ይዘልቃል። ቶሎ ከተረገጠ ግን የሚተርፈው ጭቃ ነው።

ወንድሜ ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያ «ባሕር ዛፍስ? ዳር ዳሩን ብትተክሉት?» አላቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ዘረጉ። ከሜዳው ማዶ የቆመ የባሕር ዛፍ መስመር ይታያል። «እዚያ ልጅ ሆኜ ውኃ እቀዳ ነበር» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ወንድሜም አልጠየቃቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ጨፌ ስፖንጅ ነው። በክረምት የወረደውን ውኃ ይጠጣና በሣሩ ሥርና በጥቁሩ አፈር ውስጥ ይይዘዋል፤ በበጋ ጠብ ጠብ እያደረገ ለወንዙ ይለቃል። ጎርፍ የሚቀንሰውም፣ ጥር ላይ ወንዙ እንዳይነጥፍ የሚያደርገውም እሱ ነው። ቦይ ሲቆፈርበት ውኃው ቶሎ ይወጣል፤ በላዩ ላይ ውኃ ወዳድ ዛፍ ሲተከልበት የቀረውም ያልቃል። ጥቁሩ አፈር አንዴ ደርቆ ከተሰነጠቀ እንደ ድሮው መመለስ ከባድ ነው። ከታች ያለው ጎረቤት ምንጩ ለምን እንደቀነሰ የሚጠይቀው ዓመት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

10 ሰዓት አካባቢ ብርሃኑ ለሰለሰ። ለወፍ የሚመረጠው ሰዓት ይህና ማለዳው ነው፤ ቀትር ላይ ሁሉም ጥላ ይፈልጋል። የወንድሜ ልጅ የስልኩን ካሜራ ከባይኖኩላሩ መነጽር ጋር አጣብቆ ሲፎክር ቆየና ድንገት ትንፋሹ ቆመ። «አባዬ! አባዬ ይዩ!»

ሜዳው መካከል ሁለት ወፎች ቆመዋል። ወፍ ማለት ያንሳቸዋል። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ70 ይደርሳል፤ ከወንድሜ ልጅ ብዙም አያንሱም። አንገታቸው እንደ ነጠላ ነጭ፣ ጀርባቸው ግራጫ፤ ከአገጫቸው ሥር ሁለት ዘለላ ሥጋ ተንጠልጥሏል። ዋትልድ ክሬን ናቸው፤ ከአፍሪካ የክሬን ዘሮች ትልቁ። አብዛኞቹ የሚኖሩት በደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ነው፤ የእኛዎቹ ከዘመዶቻቸው ተነጥለው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የቀሩ ናቸው። ጨፌ ካልሆነ አይራቡም። በአንድ ጊዜ የሚጥሉትም አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ነው፤ በአብዛኛው የሚያሳድጉት ግን አንድ ጫጩት ብቻ ነው።

ወንድሜ ባይኖኩላሩን ተቀበለ። መጀመሪያ ገልብጦ ያዘው፤ ልጁ አስተካከለለት። ከዚያ ረዥም ጊዜ ዝም አለ።

«ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው?» አለ በመጨረሻ።

«አዎ አባዬ። ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት።»

«ልጃቸውስ?»

ልጁ መተግበሪያውን አላየም። «አላየሁትም አባዬ» አለ።

ከ11 ሰዓት በኋላ ከሰሜን በኩል የመለከት የሚመስል ድምፅ መጣ። ቀና አልን። በቪ ቅርፅ የተሰለፉ ግራጫ ክሬኖች፤ ከ60 በላይ ቆጥሬ ተምታታብኝ። እነዚህ ከሩሲያ የሚመጡት ናቸው። ቀን በየአውድማው የወደቀ እህል ለቅመው፣ ማታ እግራቸውን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ አድርገው ያድራሉ። ቀበሮም ጅብም በውኃው ውስጥ ሲመጣ ስለሚሰማቸው ነው። ከብት ጠባቂ ልጆቹ ወደ ቤት እየነዱ ቀና ብለው አላዩአቸውም፤ በየዓመቱ የሚያዩት ነው።

የዕለቱ ዝርዝር 23 ዝርያ ሆነ። የወንድሜ ልጅ ከቦታውና ከሰዓቱ ጋር ኢበርድ ላይ መዘገበው። ይህ ለጉራ ብቻ አይደለም። በዓለም ዙሪያ የውኃ ወፎች ቆጠራ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ በጥር አካባቢ ይካሄዳል፤ የትኛው ረግረግ እየሞተ እንደሆነ የሚታወቀው በእንዲህ ዓይነቱ የዓመት ዓመት ቁጥር ነው። ስልክ ያለው የ10ኛ ክፍል ተማሪም ቁጥር ማዋጣት ይችላል።

መሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ደማቅ ልብስ አትልበሱ፤ ውኃ የማያስገባ ጫማ አድርጉ። መጀመሪያ የምታገኙትን ከብት ጠባቂ ሰላም በሉና ጠይቁ፤ ቦታው የእነሱ ነው፤ ከመተግበሪያውም የበለጠ ያውቃሉ። ወፏ እንድትመጣላችሁ ብላችሁ ድምፅ በስፒከር አታጫውቱ፤ ምግቧን ትታ ጠላት ልትፈልግ ትወጣለች። ጎጆ ካገኛችሁ ራቁ፤ ቦታውንም ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ወደ መራቢያው ሣር ውስጥ አትግቡ፤ ብርቅዬዋን ላያት ብላችሁ እንቁላሏን እንዳትረግጡ። ደግሞ በርጋ ካልተመቻችሁ ሱሉልታ ሜዳ አለ፤ ቢሾፍቱ ዙሪያ አለ፤ ሰፈራችሁ ውስጥ ያለ ወንዝ ዳርም ይበቃል።

ጎጆ ስንመለስ መሽቶ ነበር። መንገዱን ሙሉ ወንድሜ ስለ ወፍ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም አልነካካሁትም። እራት ላይ ግን እንዲህ አለ፦ «ላንተ ወፍ አይቶ መመለስ ቀላል ነው። ማታ አዲስ አበባ ነህ። እኔ የዚህን ልጅ ትምህርት በምን እችለዋለሁ? ወፍ ይከፍልልኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ደግሞም ትክክል ነው። ጨፌው ቢጠበቅ ውኃው ለታች ጎረቤት ነው፤ ወንዙ ለከተማው ነው፤ ወፉ ለዓለም ነው። ገንዘቡን የሚያጣው ግን እሱ አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ማድረግ የምችለውን አልኩት። «ከጨፌው ድርሻ አልጠይቅህም፤ ድርቆሹ ያንተ ነው። የልጁን የደብተርና የዩኒፎርም እኔ ልያዝ። ባሕር ዛፉን ከምንጩ በላይ ያለው ጭንጫ መሬት ላይ ትከለው። የታችኛውን ተወው።»

«ላስብበት» አለ።

በማግስቱ ማለዳ ውርጩ ሳይለቅ ከቤት ወጣሁ። ወንድሜ ቀድሞኝ ጨፌው ዳር ቆሟል፤ ዶማው ትከሻው ላይ ነው። ልቤ ደነገጠ። ጠጋ ስል ግን ዓይኑ ሣሩ ላይ ነው። ቡኒዋ፣ ጭራዋን የምታነሳው ወፍ፣ በርጋ ያየናት ዓይነት፣ ከእግሩ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ትመላለሳለች።

«ይቺንማ ሁልጊዜ ነው የማያት» አለኝ። «ውኃ ስቀዳ አጠገቤ ነው የምትውለው። የእኛና የኤርትራ ብቻ መሆኗን ማን ያውቃል።»

ከዚያ ዶማውን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ጭንጫው ወጣ። ስለ ቦዩ ስጠይቀው «ለዘንድሮ አቆየሁት እንጂ ተውኩት አላልኩም» አለ። «ድርቆሹን አንድ ዓመት አጥሬ አየዋለሁ። ካላዋጣኝ እተክላለሁ፤ አትቀየመኝ።»

አልቀየመውም። አንድ ዓመት አንድ ዓመት ነው። ጥር 25፣ ዓለም የረግረግ መሬቶች ቀን ብሎ በሚያከብረው ዕለት፣ የወንድሜ ልጅ የቤታችንን ጨፌ ዝርዝር ላከልኝ፤ 14 ዝርያ። ከሥሩ «አባዬ ሁለቱን እሱ ነው ያሳየኝ» ብሎ ጽፏል።

እኔም ስልኬ ላይ ለሰኔ 20 ማስታወሻ ሞልቻለሁ፤ ችግኝ የሚተከልበት ጊዜ ሳይደርስ እንዲጮህ። «ወንድም ጋሼ ጋ ደውል» ይላል። በዚህኛው ዙር ቀድሜ የምደውለው እኔ ነኝ።